ቀዝቅዞ የሚዋሽ

ቅዳሜ ነው፣ ገበያ፤ አዲስ ቅዳም ሞልቷል፣
አንማው መጋዙን እንደ ታማሚ ልጅ አቅፎ መጥቷል።
«ጧት ለጧት አንበሳ፣ ሲረፍድ ድመት ነው፤
ሞቅ ካለው በኋላ ያ ሁሉ ጉልበት የት ነው የሚገባው?
ያስለዋል፣ ይንተፋተፋል፣ እንጨት ነክሶ ዝም፣
ገመዱን ብጎትት፣ ብጎትት፣ ክንዴ ሲዝል እሱ አይሰማም።
ጥላ ስር አኑሬው አንድ ጣሳ ጠላ ስጠጣ፣
ያ የቀበርሁት ሬሳ ነፍሱ ተመልሳ ትመጣ!»

ጎተትሁለት እዚያው፣ ከሱቄ ደጃፍ ላይ፤
አንዴ ብቻ። ተነሣ። ጩኸቱ እስከ ሰማይ።
በርበሬ ሻጯ ውድነሽ ጆሮዋን ይዛ ሰደበችኝ፣
የሰው በግ ገመድ በጥሳ በእግሬ መሃል አለፈችኝ።
አንማው አፈረ፤ መሬት መሬት እያየ፣
«ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚድን በሽተኛ ማን አየ?»

ፈታሁት። ካንዴላው የተቆላ ሽምብራ መስሏል፣
ደህና ነው ማለት ነው፤ በደንብ ነዷል።
ፊልትሮው ሰጋቱራ ጠጥቷል፣ በቤንዚን አጠብሁት፣
የሲሊንደሩን ክንፍ የሸፈነውን ቅባት በሽቦ ጫርሁት።
«ታፍኖ ነው» አልሁ፣ እንደ አዋቂ ድምፄን አወፍሬ፤
የካርቡሬተሩን ብሎን ሩብ ዙር አላላሁና
ሸኘሁት፣ ሁለት መቶ ብሩን ቆጥሬ።

ማክሰኞ ተመለሰ።
መጋዙን አስቀመጠ። የብሩን ነገር አላነሣም።
ቢሰድበኝ ይሻል ነበር፤ ዝምታው ግን አላስበላም፣ አላስተኛም።

ሌሊት ሳወጣ ሳወርድ ገባኝ፦ ሱቄ ጥላ ነው።
ከጥላ ስር ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም የእናቱ ልጅ ነው።
የሚግልበት ሳልሄድ፣ በርጩማዬ ላይ ተጎልቼ፣
ላላየሁት ቁስል ነው ለካ ብር የበላሁት ቀብቼ።

ረቡዕ ጧት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ አሮጌ ቦቢና በማዳበሪያ ቋጠርሁ፣
ከሰል ሊጭን ከሚሄድ አይሱዙ ኋላ ተንጠልጥዬ ፋግታ ወረድሁ።
ዲከረንሱ በረድፍ ቆሟል፣ ዋግ ቅጠሉን አንድዶት፣
አገሩ ሁሉ ይቆርጣል፣ ሳይደርቅበት ሊቀድም፣ ጥድፊያው ይዞት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት... አስራ ዘጠኝ ዛፍ ቆጠርሁ።
ሃያኛው ላይ ድምፁ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።
ቆመ።
አንማው ሊራገም ሲል «ቆይ» አልሁት፣ «ቆይ፣ እንዳትነካው፤
አሁን ነው የታመመው፣ አሁን ነው እውነቱን የምጠይቀው።»

የቤንዚኑን ክዳን ከፈትሁ፤ እፍ አላለም፣ አየር አልሳበም፤
እንግዲያው አፈናው ከዚያ አይደለም።
ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ፤ ካንዴላውን ነቅዬ ከብረቱ አስጠጋሁ፣
ጃኬቴን እንደ ዳስ ጥዬ፣ ገመዱን ሳብሁ።
ብልጭ አይልም። ጭል አይልም። ጨለማ።
ጣቴ ሲለበለብ እንኳ ሳቄ ጫካው ውስጥ ተሰማ።

ቦቢናው ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከሆዱ፣
ሲግል ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል፤ ይኸው ነው ጉዱ።
ያመጣሁትን ገጠምሁ፤ ከማግኔቱ ያለውን ክፍተት
የለካሁት ባልወጣልኝ የሎተሪ ቲኬት።

እስኪመሽ ጮኸ። አንማው ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ታየ፣
ሌላው ሰጋቱራ ነው፤ ከግንድ አልተለየ።
ሁለት መቶዋን ዘረጋሁለት፤ «ይሁን» ብሎ እጄን ገፋ፣
«ለእግርህ ዋጋ» አለ፤ ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋ።

ማታ ሱቄ ገብቼ፣ ያን የከዳን ቦቢና፣
ነገሩ ከንክኖኝ ሌላ ሞተር ላይ ሞከርሁት እንደገና።
ጎተትሁ።
ሰማያዊ ብልጭታ፣ ደማቅ፣ እንደ አዲስ፣ ያለ ነውር፤
ቀዝቅዞ ነበራ።
በምስማር ሰቀልሁት፣ ከበሬ በላይ፣ ከቁልፎቹ ጋር።